የሞቼ የሸክላ ፊቶች የማን ናቸው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ ለንባብ የበቃ አንድ ጽሑፍ በደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ግርጌ የተገኙ ጥንታዊ የሸክላ የሰው ምስሎችን መነሻ አድርጎ እጅግ ሰፊ ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሰሜን ፔሩ የተገኙት የሞቼ ሕዝብ የሸክላ ፊቶች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ አንዳንዱ ጥቁር ነው፣ አንዳንዱ ጢም አለው፣ የአንዳንዱ ዓይን ደግሞ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ የተሳበ ነው፤ ስለዚህ ከኮሎምበስ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ሰዎች እዚያ ኖረዋል። ጸሐፊው ለዚህ ማጠናከሪያ ብለው ሌሎች ሐሳቦችንም አክለዋል፦ የሸክላ ሥራው ጥበብ ራሱ ከጃፓን ተሻግሮ የመጣ ነው፤ የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ያልነበረው ሕዝብ ያለ አስተማሪ እዚህ ደረጃ ሊደርስ አይችልም፤ አፍንጫቸው የተበላ ምስሎች ከባሕር ማዶ የገባ የሥጋ ደዌ ምስክሮች ናቸው፤ በመጨረሻም ሠሪዎቹ ድንገት ከምድር ገጽ ጠፍተዋል። ጽሑፉ በተዋበ አማርኛ የቀረበና ብዙ አንባቢ ያገኘ በመሆኑ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው። በዚህ ምላሽ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሕዝቡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የተነሣው ጽሑፍ ይህን ከሞላ ጎደል ዘሎታል። ሞቼ ተብሎ የሚታወቀው ሕዝብ ከ100 እስከ 800 ዓ.ም. ገደማ በፔሩ ሰሜናዊ ጠረፍ ኖሯል። አገሩ በረሃ ሲሆን፣ ኑሮው የተመሠረተው ከተራሮቹ ተነሥተው ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ በሚወርዱ አጫጭር ወንዞች ላይ ነበር። ወንዞቹን በመስኖ ቦይ እየጠለፈ በቆሎ፣ ቦሎቄና ጥጥ ያመርት ነበር፤ ዛሬ ትሩሂዮ ከምትባለው ከተማ አጠገብም ዋካ ዴል ሶል እና ዋካ ዴ ላ ሉና የተባሉትን ግዙፍ የጭቃ ጡብ ሕንፃዎች አቁሟል። ጽሕፈት አልነበረውም። ስለዚህ ሥርዓቱን፣ ጦርነቱን፣ በሽታውንና አለቆቹን የምናውቀው በአብዛኛው ከሸክላ ሥራዎቹና ከመቃብሮቹ ነው፤ ሁለቱ ተነጣጥለው የታዩ ዕለት ግን ሸክላው ማንም የፈለገውን የሚያስነግረው ዕቃ ይሆናል።

የጽሑፉ ዋና ምሰሶ የተለያየ ፊት የተለያየ ዘር ያመለክታል የሚለው ሐሳብ ነው። ፊቶቹ እንደሚለያዩ አልክድም፤ የሚለያዩት ግን ሠሪዎቹ የተወሰኑ ሰዎችን መልክ ለመያዝ ስለጣሩ ነው። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ክሪስቶፈር ዶናን በየሙዚየሙና በየግል ስብስቡ የተበተኑ ከ900 በላይ የመልክ ማሰሮዎችን (በሰው ፊት ቅርጽ የተሠሩ የሸክላ ዕቃዎችን) ፎቶግራፍ ሰብስበው ለብዙ ዓመታት ሲያነጻጽሩ፣ አንድ ሰው በተለያዩ ማሰሮዎች ላይ ደጋግሞ እንደሚታይ አስተዋሉ። በጣም የታወቀው ምሳሌ በላይኛው ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። ይህ ሰው ከ40 በሚበልጡ ማሰሮዎች ላይ ተለይቷል፤ በመጀመሪያዎቹ የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ነው፣ ቀጥሎ ወጣት ይሆናል፣ በመጨረሻዎቹ ደግሞ ዕድሜው ከ30 ያለፈ ጎልማሳ ሆኖ ይታያል። የራስ መጠምጠሚያውና የጆሮ ጌጡ ይለዋወጣል፤ ጠባሳው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። አንድን ልጅ እስኪጎለምስ ድረስ እየተከታተሉ መልኩን በሸክላ የቀረጹ ሰዎች በአጋጣሚ ብቅ ያለን መንገደኛ እየሳሉ ነበር ማለት ያዳግታል፤ ያ ልጅ በመካከላቸው ተወልዶ ያደገ፣ ምናልባትም ለአለቅነት የታጨ የራሳቸው ሰው እንደነበረ መገመት ይቀላል።

በተነሣው ጽሑፍ ውስጥ ጢም ያለው የአውሮፓ ሰው ተብሎ የቀረበው ምስልም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በዶናን ጥናት ከተለዩት ሰዎች አንዱ ጢማም ሲሆን፣ ቢጎቴ (ሪዝ ማለት ነው) የሚል የስፓኒሽ ቅጽል ስም ተሰጥቶታል። ይህ ሰው በአንዳንድ ሥራዎች በክብር ልብስና ጌጥ ይታያል፤ በሌሎች ደግሞ ልብሱ ተገፎ፣ ገመድ በአንገቱ ገብቶ፣ እንደ ምርኮኛ ተቀምጧል። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ዓይነት ምስል ብቻ አሳይቶ ከባሕር የመጣ የተከበረ እንግዳ ነው ይለናል፤ ሁለተኛው ዓይነት መኖሩን ግን አያነሣም። ምርኮኞቹ ተራ ጌጥ አይደሉም። በ1995 ስቲቭ ቡርዤ በዋካ ዴ ላ ሉና ግቢ ባደረጉት ቁፋሮ ከ70 በላይ የሚሆኑ የተሠዉ ወንዶች አጽም አግኝተዋል፤ ከአጽሞቹ ጋርም ገመድ በአንገታቸው የገባ፣ እርቃናቸውን የተቀመጡ ሰዎችን የሚያሳዩ፣ እሳት ያልነካቸውና ሆን ተብለው የተሰባበሩ የሸክላ ሐውልቶች ነበሩ። አጥንቶቹን የመረመሩት ጆን ቬራኖ በብዙዎቹ ላይ በሕይወት ሳሉ የደረሰና የዳነ ስብራት አይተዋል፤ ሰዎቹ በውጊያ የኖሩ ነበሩ ማለት ነው። የተሠዉት የዚያው ሸለቆ ሰዎች ነበሩ ወይስ ከጎረቤት ሸለቆ የተማረኩ በሚለው ላይ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩ ግን ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ነው፤ ከአህጉር ወደ አህጉር አይደለም።

በምስሎቹ ላይ የሚታዩት ሰዎች የአገሩ ሰዎች መሆናቸውን በቀጥታ ያረጋገጠው ግን መቃብር ነው። በ1987 ዋልተር አልቫ ላምባዬኬ ሸለቆ ውስጥ፣ ሲፓን በተባለ ስፍራ፣ ዘራፊዎች ሳይደርሱበት የቀረ የአንድ አለቃ መቃብር ቆፍረው አወጡ። አለቃው የተቀበረባቸው ጌጦች በሞቼ ማሰሮዎች ላይ የተሣለው የመሥዋዕት ሥርዓት ዋና ሰው ከሚለብሳቸው ጋር አንድ ነበሩ። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ ሳን ሆሴ ዴ ሞሮ ላይ በዚያው ሥዕል ውስጥ ጽዋ ይዛ የምትታየው ሴት ካህን አለባበስ ያላቸው ሴቶች ተቀብረው ተገኙ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ተረት ናቸው ያሏቸው ምስሎች በአጥንት፣ በወርቅና በመዳብ ፊታቸው ቆሙ። ከሞቼ መቃብሮች አጥንት የተወሰደው የእናት መስመር ዘረ መልም የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከሚታወቁባቸው መስመሮች ጋር የሚገጥም ሆኖ ተገኝቷል። የጽሑፉ አቅራቢ ስለ ዘር ሲያወሩ ስለ ዘረ መል አንድም ቃል አለመጻፋቸው ያስገርማል።

ፊትን ብቻ አይቶ ዘር መለየት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1947 ኮን-ቲኪ በተባለች የግንድ ታንኳ ከፔሩ ወደ ፖሊኔዥያ ከተጓዙ በኋላ፣ በጥንታዊ ፔሩ ጢማም ነጭ ሕዝብ ነበረ የሚለውን ሐሳባቸውን ሲያብራሩ ከጠረፉ የሸክላ ሥራዎች ጢም ያላቸውን ምስሎች ይጠቅሱ ነበር። ሌሎች ከዚያው ክምችት የተሳቡ ዓይኖችን መርጠው እስያውያንን፣ ሌሎችም ወፍራም ከንፈሮችን መርጠው አፍሪካውያንን አገኙ። የአሁኑ ጽሑፍ ሦስቱንም በአንድ ላይ መቀበሉ ችግሩን አይፈታውም፤ ማስረጃው አንድ ዓይነት ሆኖ ለሦስት ተቃራኒ ታሪኮች እኩል ካገለገለ ለአንዳቸውም አላገለገለም። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጢም አያበቅሉም የሚለው መነሻ ራሱ ትክክል አይደለም፤ በብዙዎቹ ዘንድ የሚሳሳ ቢሆንም ጢም አላቸው።

በዚህ አንቀጽ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ከኮሎምበስ በፊት በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ግንኙነት ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም። የደቡብ አሜሪካ ተክል የሆነው ስኳር ድንች አውሮፓውያን ሳይደርሱ ፖሊኔዥያ ገብቶ ነበር፤ በ2020 ይፋ የሆነ የዘረ መል ጥናትም የፖሊኔዥያና የደቡብ አሜሪካ ሰዎች በ1200 ዓ.ም. ገደማ መገናኘታቸውን አሳይቷል። ይህ ግን የሞቼ ማሰሮዎች ከተሠሩ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የሆነ ሲሆን፣ ከአፍሪካም ሆነ ከአውሮፓ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም።

ጥቁር ምስሎች ጥቁር ሰዎችን ያሳያሉ ወደሚለው ነጥብ ስንመጣ መልሱ ያለው እሳቱ ውስጥ ነው። ብረት አዘል ሸክላ አየር እንደልብ እያገኘ ሲቃጠል ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። በማቃጠያው መጨረሻ አየሩ ከታፈነና ጭስ ከተጠራቀመ ያው ሸክላ ጠቁሮ ይወጣል። አብዛኞቹ የሞቼ ማሰሮዎች በመጀመሪያው መንገድ ተቃጥለው በክሬምና በቀይ ቀጭን የሸክላ ቅብ ያጌጡ ናቸው፤ ጥቁሮቹ በቁጥር ያንሳሉ። ከሞቼ በኋላ በዚያው ጠረፍ የተነሣውና ዋና ከተማውን ቻን ቻን ላይ የመሠረተው፣ በ1470 ገደማም በኢንካዎች የተሸነፈው የቺሙ መንግሥት ግን ጥቁር ሸክላን መለያው አድርጎታል። የቺሙ ሸክላ ሠሪዎች ሰውን ብቻ ሳይሆን ዓሣን፣ ወፍን፣ ዱባንና ዝንጀሮን በጥቁር ሠርተዋል። ቀለሙ የሰው ቆዳ ከሆነ ዱባው ምን ሊባል ነው? በተነሣው ጽሑፍ ከቀረቡት ፎቶግራፎች ቢያንስ አንዱ፣ ከአንገቱና ከአሠራሩ እንደሚታየው፣ ከነጭራሹ የሞቼ ሳይሆን የቺሙ ሥራ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የብዙ መቶ ዓመታት ልዩነት እንደ ምንም ታልፏል።

መንኮራኩር ያልነበረው ሕዝብ ይህን ሊሠራ አይችልም የሚለው ነጥብ በተለይ ከአማርኛ ጸሐፊ ሲመጣ ይደንቃል። ጀበናውን፣ ምጣዱንና እንስራውን ያለ መንኮራኩር በእጃቸው የሚያበጁ ሴቶች ባሉበት አገር ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ሊያነሣ አይገባም ነበር። ደግሞም መንኮራኩር የሚያወጣው ክብ ዕቃ ነው፤ የሰውን አፍንጫና ጉንጭ ለማውጣት ምንም አይረዳም። የሞቼ ሰዎች የተጠቀሙት በሌላ ዘዴ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሞዴል በእጅ ይቀረጻል፤ በላዩ ላይ እርጥብ ሸክላ ተለጥፎ ሁለት ግማሽ ቅርጽ ማውጫ ይወሰድና ይቃጠላል፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ግማሽ ውስጥ ስስ ሸክላ በጣት ተጭኖ፣ ሁለቱ ገጥመው፣ ስፌቱ ይደመሰሳል። በላዩ ላይ እንደ እርካብ የታጠፈ ባዶ ቱቦና አንድ አፍ ይተከልለታል። ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ፊቶች በቀለም፣ በመጠምጠሚያና በጆሮ ጌጥ እንዲለያዩ ይደረጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ እይታ ሁለት ሰው የሚመስሉት አንዳንዴ የአንድ ቅርጽ ልጆች ናቸው። ይህን የሚሠሩ መንደሮችም ተቆፍረው ተገኝተዋል። በቺካማ ሸለቆ ሴሮ ማያል በተባለ ስፍራ ከቅርጽ ማውጫዎች፣ ከተበላሹ ሸክላዎችና ከማቃጠያ አመድ ጋር አንድ ሙሉ የሸክላ ሥራ ቦታ ወጥቷል፤ በዋካ ዴ ላ ሉና አጠገብ ባለው የከተማ ክፍልም ሌላ አለ። አስተማሪው የት ነበር ለሚለው ጥያቄ የሚበቃ መልስ ይመስለኛል። እርካብ ቅርጹ ራሱ በዚያው ጠረፍ ከሞቼ በፊት ከ1000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ኩፒስኒኬ የሚባሉት ቀደምት ሸክላ ሠሪዎች ይሠሩት ነበር። ፔሩአዊው አርኪዮሎጂስት ራፋኤል ላርኮ ኦይሌ በ1948 የሞቼን ዘመን በአምስት የከፈሉትም በዋናነት የዚህን አንገትና አፍ ቀስ በቀስ መለወጥ ተከትለው ነው። እንዲህ ደረጃ በደረጃ ያደገ ጥበብ በአንድ መርከብ ተጭኖ አይመጣም።

የጃፓኑ ሐሳብ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ በአንድ ወቅት ከባድ ሳይንሳዊ ክርክር ነበር። በ1965 ቤቲ ሜገርስ፣ ክሊፎርድ ኢቫንስና ኤሚሊዮ ኤስትራዳ በኤኳዶር ጠረፍ የተገኘው የቫልዲቪያ ሸክላ በጃፓን ጆሞን ከሚባለው ጥንታዊ ዘመን ሸክላ ጋር ስለሚመሳሰል ጥበቡን ይዘው የመጡት ከጃፓን በማዕበል የተወሰዱ ዓሣ አጥማጆች ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ነበር። የተነሣው ጽሑፍ ይህን ጠቅሶ ያቆማል፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን አይናገርም። የሆነው ይህ ነው። በኮሎምቢያ ሳን ሃሲንቶ ላይና በብራዚል አማዞን ታፔሪንያ ላይ ከቫልዲቪያ የሚቀድም ሸክላ ተገኘ፤ በኤኳዶር ውስጥም እንደ ሎማ አልታ ባሉ ቦታዎች በጊዜው ያልታወቁ የቫልዲቪያ የመጀመሪያ ደረጃዎች ወጡ። ጃፓንን ይመስላል የተባለው ጌጥ የጥበቡ መጀመሪያ አልነበረም ማለት ነው። ስለ ሰው ምስሎች ካነሣን ደግሞ የቫልዲቪያ ትንንሽ ምስሎች አብዛኞቹ በጥንቃቄ የተሠራ ጎፈሬ ወይም ሹሩባ የሚመስል የራስ አሠራር ያላቸው ሴቶች ናቸው፤ ከሞቼ ወንዶች የመልክ ማሰሮ ጋር በቦታም፣ በዓላማም፣ ከ1500 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜም ይራራቃሉ። ሁለቱን በአንድ አረፍተ ነገር ማያያዝ የሚቻለው ሁለቱም ከጭቃ የተሠሩ በመሆናቸው ብቻ ነው።

አፍንጫቸውና ከንፈራቸው የተበላ ምስሎች በእርግጥ አሉ፤ ለማየትም ከባድ ናቸው። ጽሑፉ የሥጋ ደዌ ናቸው፣ የሥጋ ደዌም ከባሕር ማዶ የገባ ነው ይላል። ብዙ ሐኪሞችና አርኪዮሎጂስቶች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚያመለክቱት ግን ሌላ በሽታ ነው፤ በጥቃቅን ዝንቦች ንክሻ የሚተላለፈው፣ በአገራችን ደጋ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሊሽማኒያሲስ። የፔሩ ሸለቆዎች ሰዎች ኡታ ይሉታል፤ እስከ ዛሬም አለ። ቁንጭር የበላውን ፊት ያየ የኢትዮጵያ አንባቢ ከእነዚህ ማሰሮዎች ፊት ቢቆም ግራ አይጋባም። ሁሉም የተጎዳ ፊት በሽታ ነው ማለት ግን አይደለም። የሞቼ ምስሎች እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችንም ያሳያሉ፤ እግራቸው ተቆርጦ ቁስሉ የዳነላቸው ሰዎች አጽምም በሞቼ መቃብሮች ተገኝቷል፤ ስለዚህ አንዳንዱ የተበላ አፍንጫ ሆን ተብሎ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። የሥጋ ደዌ ነው ብንል እንኳ የጽሑፉ ድምዳሜ አይቆምም። በ2025 ይፋ የሆነ ጥናት ከቺሌ 4000 ዓመት ዕድሜ ካላቸው አጽሞች የሥጋ ደዌን ከሚያመጡት ሁለት ባክቴሪያዎች የአንዱን ዘረ መል አግኝቷል። በሽታው በአሜሪካ ምድር ከባሕር ማዶ መጡ ከሚባሉት መርከቦች በፊት ነበር ማለት ነው።

ስለ ፎቶግራፎቹም አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ከቀረቡት ምስሎች ከአንዱም በታች የት እንደተገኘ፣ ከምን ጋር እንደተቀበረ፣ ዛሬ የት ሙዚየም እንዳለ አልተጻፈም። ይህ በከፊል የጸሐፊው ጥፋት አይደለም፤ በዓለም ላይ ካሉት የሞቼ የመልክ ማሰሮዎች አብዛኞቹ ዘራፊዎች ከመቃብር አውጥተው የሸጧቸው ስለሆኑ የተገኙበት ስፍራ አይታወቅም። በዚህ ላይ ገበያው በአስመሳይ ሥራዎች የተሞላ ነው፤ ጥንታዊ ቅርጽ ማውጫዎች ጭምር እየተገኙ አዲስ ሸክላ ይወጣባቸዋል። ሸክላ በመጨረሻ የተቃጠለበትን ጊዜ የሚለካ የላቦራቶሪ ዘዴ አለ፤ መነሻው ያልታወቀ፣ ያልተለካ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ፊት ያለው ማሰሮ ሲያጋጥም በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የአፍሪካ መርከብ ሳይሆን የትናንት ነጋዴ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ሕዝቡ ድንገት ጠፋ የሚለው ነው። የመልክ ማሰሮ የመሥራት ልማድ በእርግጥ ቆሟል፤ የላርኮ አምስተኛ ደረጃ ላይ ስንደርስ ከሞላ ጎደል አይታይም። ልማዱ ከጅምሩም በደቡባዊዎቹ ሸለቆዎች፣ በተለይ በቺካማ፣ በሞቼና በቪሩ፣ ለተወሰኑ ትውልዶች ብቻ የኖረ ነበር። ምክንያቱ የአለቆቹ ሥልጣን መዳከም ይሁን፣ በ6ኛው መቶ ዓመት የደረሰው ረጅም ድርቅና ኤል ኒኞ የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር የሚያመጣው ጎርፍ ያስከተለው ቀውስ ይሁን፣ ወይም የሁለቱ መደራረብ፣ ባለሙያዎች እየተከራከሩበት ነው። ሰዎቹ ግን በዚያው ሸለቆ ቀሩ፤ ልጆቻቸው የቺሙን ከተሞች ሠሩ፣ በኢንካ ሥር ገቡ፣ ቀጥሎም ስፓኒሾች መጡባቸው። በ1644 ፈርናንዶ ዴ ላ ካሬራ የተባለ ቄስ የዚያን ጠረፍ ቋንቋ፣ ሞቺካን፣ ሰዋስው አሳተመ፤ ቋንቋው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ኤቴን በተባለች ከተማ የሚናገሩት ነበሩት። በሞቼ ማሰሮዎች ላይ ሰዎች ተንበርክከው ሲቀዝፉበት የሚታየው ከደንገል የተጠለፈ ታንኳም አልጠፋም፤ የትሩሂዮ ጎረቤት በሆነችው ዋንቻኮ ዓሣ አጥማጆች ዛሬም ይወጡበታል።